የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ፤ ሰውን ስለ መምረጥ

በጎጃም፥ በሰከላ አገር፥ ግሽ ዓባይ የሚባል ምንጭ አለ። ምንጩ ትንሽ ነው፤ በአጠገቡ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ግን ሕዝቡ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ከሩቅ አገርም እየመጣ ይጠመቅበታል። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ታላቁ ዓባይም ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ተገናኝቶ ወደ ግብፅ ይሄዳል። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆኑት ሰው የግሽ ዓባይ ተወላጅ አይደሉም። ነገር ግን ስማቸው በዓለም የተጠራበት ሥራ የተጀመረው ይህ ውኃ በሚያልፍባቸው በሦስቱ አገሮች መካከል ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከምንጩ መጀመር አይከፋም።

በዚሁ አገር በታኅሣሥ 29 ቀን፥ የጌታችን የልደት በዓል በሚውልበት ጊዜ፥ ከቅዳሴና ከገበታ በኋላ ጐበዛዝቱ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወሰን ይነዷታል። ጨዋታው ከመጀመሩ አስቀድሞ ግን ሁለት የቡድን አባቶች ይቆሙና ሰውን በየተራ ይመርጣሉ። ከጨዋታው ይልቅ ክርክር የሚበዛበት ይህ ምርጫ ነው። አምና ደኅና የመታው ዘንድሮ እጁ ከብዶአል የሚል አለ፤ የለም፥ ሰው በአንድ ዓመት አይመዘንም የሚል አለ። ዱላ ጨብጠው የማያውቁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከዳገቱ ላይ ተቀምጠው ይፈርዳሉ። በቀድሞ ዘመን በዚያን ቀን ጌታው ቅልጥሙን በአሽከሩ ዱላ ቢመታ አይቈጣም ነበር፤ የባለ ርስቱ ልጅና የጭሰኛው ልጅም በአንድ ወገን ተሰልፈው ይሮጡ ነበር። ስለዚህ ብልህ አባት ሲመርጥ ክንድንና ዓይንን ያያል እንጂ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም። የአጎቱን ልጅ አስቀድሞ የሚመርጥም አይጠፋም፤ እርሱ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሸነፋል።

ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ንጉሥ ሊመርጥ በሄደ ጊዜ በታላቁ ልጅ ቁመትና መልክ ተስቦ ነበር። ሰባቱ ልጆች ካለፉ በኋላ ነው በግ የሚጠብቀው ታናሹ የተጠራው። እንግዲህ የምርጫ ስሕተት የነቢይም ፈተና ከሆነ፥ የኳስ ሜዳ አለቆችን እንዴት አይፈትናቸው!

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓመተ ምሕረት፥ በዕንቍጣጣሽ ዕለት፥ በጅማ ተወለዱ። (በዚህ ታሪክ የሚጻፈው ዓመት በእኛ አቈጣጠር ነው፤ የፈረንጅ የሆነ እንደ ሆነ ይነገራል።) አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዜማ የታወቁ፥ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ነበሩ። የልጃቸውን ስም ይድነቃቸው ያሉት ማን ይደነቅ ብለው እንደ ሆነ እርሳቸው ያውቃሉ፤ የተደነቀው ሰው ግን ብዙ ሆነ።

በ1928 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ፥ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ። ብላቴናው ይድነቃቸውም በዐሥራ አራት ዓመታቸው ከእነርሱ ጋራ ተጨመሩ። ማኅበሩ ሥር ሳይሰድ በዚያው ዓመት የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሽስቶች በሜዳም ላይ የዘር ሕግ አወጡ፤ ነጭ ከነጭ ጋራ፥ ጥቁር ከጥቁር ጋራ ብቻ እንዲጫወት ሆነ። ስለዚህ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው በገዛ አገራቸው ከተማ ለብቻቸው ተለይተው የሚጫወቱ ሆኑ። ሰው እግሩ ሳይታይ በቈዳው ብቻ ከምርጫ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ይህ ብላቴና ከማንም ሳይሰማ በራሱ ላይ አየው። ኋላ በካርቱም ያደረገውን ለመረዳት የሚሻ ሰው እነዚህን አምስት ዓመታት አይርሳ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወታቸውን ቀጠሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲቈጠር ለአንድ ማኅበር ብቻ 23 ዓመት ተጫወቱ፤ በ365 ግጥሚያም 318 ግብ አገቡ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ቍጥር ሲሰማ በኒቅያ የተሰበሰቡትን ሠለስቱ ምእት ማሰቡ አይቀርም፤ ገጠመኝ ነው እንጂ ምሥጢር አይደለም፤ ቍጥሩን ለማስታወስ ግን ይረዳል። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ከተጫዋችነታቸው ጋራ ሌላ ሥራ ያዙ። በፈረንጅ 1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም የአገሪቱን ስፖርት ካደራጁት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ፤ የጨዋታውንም ሕግ በአማርኛ እንዲነበብ አድርገዋል። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም። ሆኖም ሕጉን በቋንቋው የማያውቅ ተመልካች የዳኛውን ፊሽካ እንደ ነጐድጓድ ከመስማት በቀር ለምን እንደ ተነፋ አይገባውም።

በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓመተ ምሕረት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ገዢዎች እጅ ስለ ነበረ፥ በጉባኤው የተቀመጡት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ሦስቱ የዓባይን ውኃ የሚጠጡ ናቸው፤ አራተኛዪቱ ከሩቅ የመጣች ነበረች። የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 35 ዓመት ነበረ።

በጉባኤው ዘመን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊደረግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አራት አገር ስለ ሆነም ሁለት ግጥሚያ ከዚያም አንድ ፍጻሜ ይበቃዋል። ለኢትዮጵያ የደረሳት ባላጋራ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በዚያች አገር አፓርታይድ የሚባለው የዘር መለያየት ሕግ ጸንቶ ስለ ነበረ፥ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን ሊሰለፍ አይፈቀድም። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ወይም ነጮች ብቻ ያሉበትን፥ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን ለመላክ ሐሳብ አቀረበ። ለላይኛ ተመልካች ይህ መልካም ሐሳብ ይመስላል። ጥቁር ቡድን ከመጣ ጥቁሮች የሚከፉበት ምን አለ? አቶ ይድነቃቸውና የግብፅ የሱዳንም መልእክተኞች ግን ነገሩን በትክክል አዩት። በቀለም ተለይቶ የተመረጠ ቡድን ነጭ ቢሆንም ጥቁር ቢሆንም የመረጠው ያው ሕግ ነው፤ ጥቁሩን ቡድን ተቀብሎ ማጫወት ሕጉን በጓሮ በር ማስገባት ነው። ስለዚህ ከሁሉም ወገን በችሎታው ብቻ የተመረጠ አንድ ቡድን ካልመጣ አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካ እምቢ አለች፤ ከውድድሩም ወጣች፤ በኋላም ከማኅበሩ ተወገደች።

ከዚህ የተነሣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ክፉ ተርጓሚ የዚያን ጊዜውን አቋም ለጥቅም የተደረገ ነው ሊለው ይችል ነበር። ነገር ግን በየካቲት 9 ቀን ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነበረ። እንግዲህ ጥቅሙ ይህ ከሆነ ጥቅም አያሰኝም።

በግንቦት 1951 ሁለተኛው ዋንጫ በካይሮ ሲደረግ ሦስት ቡድኖች ብቻ ተገናኙ፤ ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0፥ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። በሁለት ውድድር ሦስት ግጥሚያ ተጫውታ አንድ ግብ እንኳ አላገባችም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ መራጭ ይሆናል። በጠጅ ቤትም በመሥሪያ ቤትም የተጫዋች ስም እየተጠራ ይሻራል ይሾማልም፤ በአንድ ቀን የተበላሸ አጥቂ እድሜ ልኩን እንዳልረባ ይቈጠራል፤ ያልተሰለፈው ሁሉ ደግሞ ያልተሸነፈ ስለ ሆነ ከተሰለፈው የሚበልጥ ይመስላል። ዛሬም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሻይ ቤቶች ወጣቶች ስለ እንግሊዝ አገር ቡድኖች ሲከራከሩ የሚሰማው ነገር ከዚህ አይለይም። ይህ ክርክር በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ሰው የሚወደውን ነገር ይመዝናል። ጥፋቱ የሚመጣው ሚዛኑ ሲለወጥ ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ቡድኑን የማሠልጠንና የመምረጥ ኃላፊነት በአቶ ይድነቃቸው ላይ ወደቀ። በዚያን ዘመን ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ ነበረች፤ በአሥመራ ኳስ ከቀድሞ ጀምሮ ስለ ተለመደም ከዚያ የተገኙት ተጫዋቾች ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሉቻኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ። እናታቸው ኤርትራዊት፥ አባታቸው የኢጣልያ ሰው ነበረ። ሉቻኖ በጨዋታውም በአእምሮውም የቡድኑ ራስ ስለ ነበረ አምበል ሆነ።

እዚህ ላይ ነገር ተነሣ። አገሪቱ ከፋሽስት እጅ ከወጣች ገና 20 ዓመት ብቻ ሆኖአታል፤ በዚያ ዘመን ያልቈሰለ ቤት ጥቂት ነው። እንደሚነገረው፥ ከሹማምንቱ አንዳንዶቹ የኢጣልያ ስም ያለው ክልስ ሰው በአምበልነት ቀርቦ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበሉ አላስደሰታቸውም፤ ሌላ ሰው በቦታው እንዲቆም ወደዱ። የእነዚህን ሰዎች ልብ መረዳት አያስቸግርም፤ ቂማቸው ከምንም የመጣ አይደለም። ዳሩ ግን የሉቻኖ አባት ማን እንደ ሆነ የሉቻኖ እግር አያውቀውም። አቶ ይድነቃቸው ከሁሉ ይልቅ ሊቀየሙ የሚገባቸው ሰው ነበሩ፤ በፋሽስት ዘመን በቀለማቸው ከሜዳ የተለዩት እርሳቸው ናቸውና። በካርቱም ለባዕድ መንግሥት እምቢ ማለት ደግሞ ይቀልላል፤ በቤት ውስጥ ለአለቆች እምቢ ማለት ግን እንጀራን ያሳጣል። እርሳቸው አምበላቸውን አልለወጡም።

በጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥምቀት አልፎ፥ ታቦታቱ ከገቡ በኋላ፥ በጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የፍጻሜው ግጥሚያ ሆነ። ባላጋራይቱ ያቺው በካርቱምና በካይሮ አራት አራት ያገባችባት ግብፅ ነበረች። አስቀድሞ ግብፅ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው ግብፅ ዳግመኛ መራች፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ግብ አስገባ። ሰዓቱ ተጨመረ። በተጨመረውም ሰዓት አንዱን ኢታሎ ቫሳሎ፥ የመጨረሻውን መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ሰጡ፤ የተቀበላቸውም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወንድማማቾቹ ያገቡት ግብ ከአራቱ ሁለት ነውና፥ እነርሱ በስማቸው ምክንያት ቀርተው ቢሆን ኖሮ ቀኑ እንዴት ባለ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሉቻኖ በኋላ አገሪቱ በተናወጠች ጊዜ ወጥቶ በኢጣልያ ኖሮ በዚያው አረፈ።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ከአንድ ቡድን ምርጫ አልፎ የአህጉሩ ጕዳይ ሆነ። በፈረንጅ 1966 በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አልተሰጠም ነበር፤ የአፍሪካ አሸናፊ ገና ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋራ እንዲጫወት ተወሰነ። ከጋና ኦሄኔ ጃን፥ ከኢትዮጵያ አቶ ይድነቃቸው በዚህ ተነሡ፤ የአፍሪካ አገሮችም ሁሉ ከማጣሪያው ወጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ተስፋ የሌለው ቍጣ አድርጎ ቈጠረው። ለሚቀጥለው ለ1970 ዋንጫ ግን ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተቈርጦ ተሰጠ፤ ሞሮኮም ሄደች። እንዲህ ሆኖ ዛሬ በዓለም ዋንጫ የሚታየው የአፍሪካ ቡድን ሁሉ የዚያ እምቢታ ወራሽ ነው።

በዚሁ ዘመን በሌላ ጨዋታ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ አቶ ይድነቃቸው ስለ ምን እንደሚታገሉ ከእርሱ ይልቅ የሚያስረዳ የለም። ክሪኬት የሚባል የእንግሊዞች ጨዋታ አለ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ይመታና ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ ሩጫውም ይቈጠርለታል። የገና ዱላ የያዘ ሰው ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም፤ አንድ ግጥሚያ አምስት ቀን መፍጀቱን ሲሰማ ግን ይስቅ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን የተወለደ ባሲል ዶሊቬራ የሚባል ክልስ ሰው በአገሩ ከነጮች ጋራ መጫወት ስለ ተከለከለ በፈረንጅ 1960 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ከ1966 ጀምሮም ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በ1968 መጀመሪያ ቡድኑ ወደ ካሪብ ደሴቶች በተጓዘ ጊዜ እጁ ደክሞ ነበር፤ ተመልካቹም በእርሱ ላይ ሁለት ተከፈለ። በነሐሴ ግን ለንደን ላይ ከአውስትራሊያ ጋራ ሲጫወቱ ብቻውን 158 አስቈጠረ። በዚያው ሳምንት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ቡድን ተመረጠ፤ የእርሱ ስም አልነበረም።

መራጮቹ በችሎታ ብቻ መርጠናል አሉ። ሰዉ ግን አላመናቸውም፤ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ላለማስቀየም ነው የሚለው ወሬ አገሩን ሞላ። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ ከተመረጡት አንዱ ቶም ካርትራይት በጕዳት ቀረ፥ ዶሊቬራም በቦታው ተጠራ። ያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አልቀበልም ብሎ ተናገረ፤ ጕዞውም ተሰረዘ። ካርቱም ላይ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የታየው እውነት ይህ ነው። የዘር ሕግ የራሱን ቡድን በመምረጥ ብቻ አይረካም፤ የእንግዳውንም ቡድን ሊመርጥ ይሻል። ከ1970 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ የክሪኬት ቡድን ከታላላቅ ግጥሚያዎች ተለይቶ እስከ 1991 ቈየ።

አቶ ይድነቃቸው በፈረንጅ 1971 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፤ በ1964 ዓመተ ምሕረትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ሞታቸው ድረስም በዚያ ሥልጣን ቈዩ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ደቡብ አፍሪካን በ1961 አግዶ፥ በ1963 እገዳውን አንሥቶ፥ በ1964 መልሶ አግዶ ነበር፤ በመጨረሻ በ1976 ፈጽሞ አስወጣት። ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። የዚህ ማመንታት ምክንያት ብዙ ነበረ፤ ያላመነታው ግን የአፍሪካ ወገን ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለ አቋም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ሁልጊዜ የሚከፍለው በጉባኤ የተቀመጠው ሰው አይደለም። በሐምሌ 1968 ዓመተ ምሕረት የኦሊምፒክ ጨዋታ በሞንትሪያል ሊደረግ ሳለ፥ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ስለ ነበረ፥ የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ካልወጣች እኛ እንወጣለን አሉ፤ አልወጣችምና እነርሱ ወጡ። ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋራ ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር ያን ጊዜ እግሩ የበሰለ ሯጭ ነበረ። አራት ዓመት ሙሉ የለፋበትን ሩጫ ሳይሮጥ ቀረ። ሌላ አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ በማግኘቱ አገር ተደሰተ፤ ስማቸው የማይጠራ ሌሎች ሯጮች ግን ያ ጊዜ አልፎ አልተመለሰላቸውም። የእነዚህን ሰዎች እንባ ሳይቈጥሩ የዚያን ዘመን ትግል ማመስገን ትክክል አይሆንም።

አቶ ይድነቃቸውም በሁሉ ነገር አልተሳካላቸውም፤ በአንዳንዱም ጥብቅነታቸው የበዛ ይመስላል። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብ ከፈረንጅ 1965 ጀምሮ ነበረ። እርሳቸው የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መፍለሱ የአህጉሩን ኳስ ያደርቃል ብለው ይሰጉ ነበር፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ የአፍሪካን ሜዳ ዛሬ የሚያይ ሰው ይመሰክራል። ሆኖም በችሎታው የሚገባውን ልጅ በሚኖርበት አገር ምክንያት ማስቀረት እርሳቸው ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከያዙት ሚዛን ጋራ አይስማማም። ደንቡ በ1982 ተሻረ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው የሠራውን አጥር ኋላ ሌላው ሲያፈርሰው ማየቱ የተለመደ ነው።

በ1979 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ 13 ቀን አቶ ይድነቃቸው አረፉ። ቀኑ የደብረ ታቦር በዓል ነበረ፤ የአዲስ አበባ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ቡሄ የሚሉበት ዕለት ነው። በዕንቍጣጣሽ የተወለዱት ሰው 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንት ሲቀር በቡሄ ሄዱ። በዚያን ቀን ደቡብ አፍሪካ ገና እንደ ተወገደች ነበረች፤ ኔልሰን ማንዴላም በእስር ቤት ነበሩ።

አምስት ዓመት ቈይቶ፥ የዘር ሕጉ ሲፈርስ፥ ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ወደ ወጣችበት ማኅበር ተመለሰች። በጥር 1988 የአፍሪካ ዋንጫ በአገሯ ተደረገ። ከነጭም ከጥቁርም ከክልስም የተመረጠ ቡድን አሰለፈች፤ በጆሃንስበርግ ፍጻሜ ቱኒዚያን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለቱን ግብ ያገባው ተቀይሮ የገባው ማርክ ዊሊያምስ ነበረ። ፕሬዚዳንት ማንዴላ በሜዳው ተገኝተው ነበር። አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑት ጓደኞቹ በዙሪያው ቆመው ሳለ፥ ዋንጫውን ያነሣው አምበል ኒል ቶቪ የሚባል ነጭ ነበረ።